«አረንጓዴውን ተጫኚ» ሳይባል ከድረ ገጽ ፋይል ማውረድ፣ በኤንቪዲኤ

ሳቢያን ማዶ፦

ሰላም የድሬና የሐረር ልጆች። ዓይነ ስውር ነኝ። ዊንዶውስ 10 ላይ ኤንቪዲኤን (ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብልኝን ፕሮግራም) እና ክሮምን እጠቀማለሁ። ኢሜይል፣ ዎርድ፣ ዜና ማንበብ አያስቸግረኝም። የሚያስቸግረኝ ከድረ ገጽ ፋይል ማውረድ ነው።

አንደኛ፣ አንድ ገጽ ላይ «ዳውንሎድ» የሚል አራት አምስት ቦታ እሰማለሁ። ዓይናማ ሰው ስጠይቅ «አረንጓዴውን ተጫኚ» ይለኛል። ሁለተኛ፣ ሞጁሉ ወረደ ብዬ ስከፍተው 6 ኪሎባይት የሆነ ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል። ሦስተኛ፣ ፒዲኤፍ መውረዱ ቀርቶ እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ይከፈትና የት እንዳለሁ ይጠፋብኛል። አራተኛ፣ 180 ሜጋባይት የሚሆን ዚፕ መብራት ሲሄድ ይቋረጥና እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ጥቅሌ የሚያልቀው በዚህ ነው።

ማውዝ የሚጠይቅ መልስ ይቅርብኝ። እህታችሁ።

ጁገል አምስት በር፦

እህቴ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥያቄዎችሽ ሥራቸው አንድ ነው፤ ሊንኩ ወዴት እንደሚወስድ ሳይታወቅ ኢንተር መጫን። «አረንጓዴውን» የሚልሽም ሰው ቢሆን በቀለሙ ይሸወዳል፤ ትልቁና አረንጓዴው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። አንቺ ከቀለም የተሻለ ነገር አለሽ።

ሊንኩ ላይ እንዳለሽ የኤንቪዲኤን ቁልፍ ይዘሽ ኬ ተጫኚ። ቁልፉ ኢንሰርት ነው፤ ካፕስ ሎክን መርጠሽ ከሆነ እሱ። የሊንኩን አድራሻ ያነብልሻል። ኬን ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ ብትመቺው አድራሻውን በመስኮት ያወጣልሻል፤ እዚያ በቀስት ፊደል በፊደል መስማት ይቻላል። ከአድራሻው የምትፈልጊው መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነው። መጀመሪያው የማን ገጽ እንደሆነ ይናገራል፦ ያለሽበት ገጽ ወይም እንደ ጉግል ድራይቭ ያለ የታወቀ ማስቀመጫ ካልሆነ እለፊው። መጨረሻው ፒዲኤፍ፣ ዶክኤክስ፣ ዚፕ፣ ኤምፒ3 ከሆነ የያዝሽው ፋይሉን ራሱን ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። አድራሻው በፋይል ዓይነት ካለቀ ኢንተር አትጫኚ። ሺፍት ኤፍ 10 ብለሽ «ሴቭ ሊንክ አዝ» እስኪል በታች ቀስት ውረጂ፤ ክሮምሽ በእንግሊዝኛ ከሆነ ኬ ፊደልን መምታት ይበቃል። እንዲህ ሲሆን ፒዲኤፉ ብራውዘር ውስጥ የመከፈት ዕድል አያገኝም። አድራሻው በፋይል ዓይነት ካላለቀ ግን ተገላቢጦሽ ነው፦ ኢንተር ተጫኚ፣ «ሴቭ ሊንክ አዝ» አትበዪ። እንዲህ ያለው ሊንክ አብዛኛውን ጊዜ ወደ መሸጋገሪያ ገጽ ነው የሚወስደው። አስቀምጥ ስትዪው ያንኑ ገጽ ያስቀምጥልሻል። 6 ኪሎባይትሽ መሸጋገሪያው ገጽ ነው፤ ሞጁሉ ገና በሩን አልወጣም።

ስህተቱን ከመውረዱ በፊት የምትይዢበት ቦታም አለ። የማስቀመጫው መስኮት ሲከፈት የፋይሉ ስም ላይ ታርፊያለሽ። አንድ ጊዜ ታብ በዪ፤ «ሴቭ አዝ ታይፕ» ብሎ ዓይነቱን ያነባል። ፒዲኤፍ ስትጠብቂ «ኤችቲኤምኤል» ወይም «ዌብ ፔጅ» ካለሽ ኢስኬፕ ብለሽ ውጪ። ስሙን ወደ «ሞጁል» ምናምን ለውጠሽ ብታስቀምጪው ውስጡ ገጽ መሆኑ አይቀርም።

ከዚራ 7፦

ጁገል ያለው ልክ ነው፤ ግን ትክክለኛው ሊንክ ላይ እንዴት እንደሚደረስ ዘለለው። አብዛኛው ሰው ኢንሰርት ኤፍ 7 ብሎ የሊንኮችን ዝርዝር ያወጣል። እኔ ለዚህ ሥራ አልመክረውም። ዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድ፣ ዳውንሎድ፣ ዳውንሎድ» ብሎ ይደረድርልሻል፤ የትኛው የየትኛው ምዕራፍ እንደሆነ ከአካባቢው ተነቅሎ ስለወጣ አይታወቅም። በዚያ ላይ ገጹ የሠራው ሊንክ ሳይሆን በተን ከሆነ ሊንኮች ውስጥ ጭራሽ የለም፤ ዓይነቱን ወደ በተን መቀየር አለብሽ።

የሚሻለው በርዕስ መሄድ ነው። ኤች እየመታሽ የፋይሉ ስም የተጻፈበት ርዕስ ላይ ድረሺ፣ ከዚያ ኬ ለሊንክ፣ ቢ ለበተን። ከርዕሱ ሥር መጀመሪያ የምታገኚው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ገጹ ርዕስ የሌለው ከሆነ ኮንትሮል ኢንሰርት ኤፍ ብለሽ የፋይሉን ስም ፈልጊ፤ ኢንሰርት ኤፍ 3 ወደሚቀጥለው ይወስድሻል። «ዳውንሎድ» የሚለውን ቃል አትፈልጊ፣ የምትፈልጊው የሞጁሉን ስም ነው። ማስታወቂያ «ዳውንሎድ» ይላል እንጂ የሞጁልሽን ስም አያውቅም።

ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ በፍሬም ውስጥ፣ ማለትም ገጹ ውስጥ በተሰካ ሌላ ትንሽ ገጽ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በቀስት ስትሄጂ ኤንቪዲኤ «ፍሬም» ብሎ ከገባ በኋላ የሚመጣ «ዳውንሎድ ናው» ቢያባብልሽም አትንኪው።

ኤች ወይም ኬ ስትመቺ ፊደሉ ሳጥን ውስጥ እየተጻፈ ከሆነ የመጻፊያ ሞድ ውስጥ ነሽ። ኢንሰርት ስፔስ ይመልስሻል።

ሸዋ በር ጎረቤት፦

ሁለት ሴቲንግ አንድ ጊዜ ብታስተካክዪ ግማሹ ጣጣ ይቀራል።

ክሮም ሴቲንግ ውስጥ ዳውንሎድስ የሚለው ክፍል ላይ «አስክ ዌር ቱ ሴቭ ኢች ፋይል» የሚል ማብሪያ አለ፤ አብሪው። ካልበራ ፋይሉ ድምፅ ሳያሰማ ዳውንሎድስ ፎልደር ውስጥ ይገባል፤ አንቺ አልወረደም ብለሽ ሦስት ጊዜ ትጫኛለሽ፣ ሦስት ኮፒ ይወርዳል፣ ጥቅሉም ሦስት ጊዜ ይበላል። ሲበራ ግን ሁልጊዜ የማስቀመጫ መስኮት ይወጣል፤ ኤንቪዲኤ ስለሚያነበው ማውረዱ መጀመሩን በጆሮሽ ታውቂያለሽ።

ሁለተኛው የፒዲኤፉ ነው። ሴቲንግ ገጹ ላይ ካለው የመፈለጊያ ሳጥን «ፒዲኤፍ» ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊ፤ ሳይት ሴቲንግስ ውስጥ «ፒዲኤፍ ዶክዩመንትስ» ይመጣል። እዚያ «ዳውንሎድ ፒዲኤፍስ» የሚለውን ምረጪ። ከዚያ በኋላ ኢንተር ብትጫኚም ይወርዳል እንጂ አይከፈትም።

የመውረዱን ሂደት በጢጥታ (ቢፕ በሚል አጭር ድምፅ) ለመስማት ኢንሰርት ዩ እየደጋገምሽ ተጫኚ፤ ጠፍቷል፣ በንግግር፣ በጢጥታ፣ በሁለቱም እያለ ይዞራል። ሌላ መስኮት ውስጥ እየሠራሽ እንዲሰማሽ ደግሞ የኤንቪዲኤ ሴቲንግ ውስጥ ኦብጀክት ፕረዘንቴሽን ገብተሽ የበስተጀርባ ፕሮግረስ ባርን የሚመለከተውን ሳጥን ምልክት አድርጊበት። ሁሉም ብራውዘር ግን ለኤንቪዲኤ ፕሮግረስ ባር አይሰጥም፤ ስለዚህ በጢጥታው ብቻ አትመኪ። ኮንትሮል ጄ የዳውንሎዶቹን ገጽ ይከፍታል፤ እርግጠኛው እሱ ነው።

ሳቢያን ማዶ፦

አቦ ተባረኩ። ኢንሰርት ኬ ሠርቷል፤ ከአምስቱ ሦስቱ ማስታወቂያ ነበሩ። ፒዲኤፉም ወረደ።

ሁለት ነገር ቀረ። አንዱ ገጽ ላይ ያለው አድራሻ በጥያቄ ምልክትና በቁጥር ነው የሚያልቀው። በይለፍ ቃል የሚገባበት ገጽ ነው። ኢንተር ስጫን ምንም ድምፅ የለም፣ የማስቀመጫ መስኮትም አይመጣም። ሌላ ገጽ ላይ ደግሞ «ክሊከብል» ይላል እንጂ ሊንክም በተንም አይልም፤ ኢንተር አይቀበልም። የዚፑም ነገር አልተመለሰም።

ጁገል አምስት በር፦

በጥያቄ ምልክትና በቁጥር የሚያልቀው ፋይሉን ሰርቨሩ በጥያቄ የሚሰጥበት ሊንክ ነው፤ ኢንተር ትክክል ነው። ዝም ካለ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሺ።

ኢንሰርት ቲ ብለሽ የመስኮቱን ርዕስ ስሚ። ርዕሱ ከተለወጠ አዲስ ታብ ተከፍቷል፤ ምናልባት የመግቢያውን ገጽ ነው የሰጠሽ። የይለፍ ቃል ገጾች ሳይነኩ ከቆዩ ከጀርባ ያስወጡሻል፤ ገጹ ግን ሳይለወጥ ስለሚቆይ ገና ውስጥ ያለሽ ይመስልሻል። ኤፍ 5 ብለሽ ገጹን አድሺው፤ የስምና የይለፍ ቃል ሳጥን ከመጣ ምክንያቱ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሊንክ ላይ «ሴቭ ሊንክ አዝ» ብትዪ የምታገኚው የመግቢያውን ገጽ ነው፤ ሌላው የ6 ኪሎባይት ምንጭ ይኸው።

ርዕሱ ካልተለወጠ ኤፍ 6 እየመታሽ በብራውዘሩ ክፍሎች ዙሪ። «ፖፕ አፕ ብሎክድ» የሚል አድራሻው መስመር አጠገብ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ እዚያው ለዚህ ገጽ ፍቀድ ማለት ይቻላል። ሌላው፣ ገጹ «10 ሰከንድ ጠብቁ» ብሎ እየቆጠረ ሊሆን ይችላል፤ ቆጠራው በዓይን ብቻ ነው የሚታየው። ትንሽ ቆይተሽ ኢንሰርት ኤፍ 5 ብለሽ ኤንቪዲኤ የያዘውን የገጹን ቅጂ አሳድሺና የፋይሉን ስም እንደገና ፈልጊ። ኤፍ 5 ብቻውን ከተጫንሽ ገጹ ራሱ ከመጀመሪያው ይጫንና ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል፤ እነዚህ ሁለቱ አይምታቱብሽ።

«ክሊከብል» የሚለው ገጹን የሠራው ሰው በተን ማድረግ ሲገባው ተራ ጽሑፍ ላይ የማውዝ ትእዛዝ ስላንጠለጠለበት ነው። ማውዝ አልፈልግም ብለሻል፤ ይህ ግን ማውዙን በኪቦርድ መላክ ነው። ጽሑፉ ላይ ሆነሽ በቁጥር ሰሌዳ ላይ ኢንሰርት ከስላሽ ጋር ተጫኚ፤ ጠቋሚው እዚያ ይሄዳል። ከዚያ ስላሽን ብቻውን፤ ይህ የግራ ክሊክ ነው። የቁጥር ሰሌዳ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነና ኤንቪዲኤን በላፕቶፕ አቀማመጥ ካደረግሽው፣ መጀመሪያ ኢንሰርት ሺፍት ኤም፣ ከዚያ ኢንሰርት ከግራ ካሬ ቅንፍ ጋር፤ ከፒ ፊደል በስተቀኝ ያለው ነው። መስኮቱ ሙሉ ስክሪን ካልሆነ ክሊኩ ሌላ ቦታ ሊያርፍ ስለሚችል አስቀድመሽ በዊንዶውስ ቁልፍና በላይ ቀስት አስፊው።

ደቻቱ ዳር፦

ስለ ዚፑ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ ራውተሩ ግን አብሮ ይጠፋል፤ የሚቋረጠው ኮኔክሽኑ ነው። ክሮም የጀመረውን መጨረሻው ክሪዳውንሎድ በሚባል ፋይል ይዞ ይቆያል። ኮንትሮል ጄ ላይ «ሪዚዩም» የሚል በተን ካገኘሽ እሱን ተጫኚ፤ ካቆመበት ይቀጥላል። «ሪትራይ» ከሆነ ግን ከዜሮ ነው፣ ተይው። የዚያን ፋይል ስም ወደ ዚፕ ብትለውጪው አይከፈትም፤ ግማሽ ዚፕ ማውጫው መጨረሻው ላይ ስለሆነ ምንም አይሰጥሽም።

ከ100 ሜጋባይት በላይ ለሆነ ነገር ግን ብራውዘሩን ትቼ በከርል፣ ትእዛዝ በመጻፍ በሚሠራ ማውረጃ፣ ማውረድ ነው የምመክረው። ዊንዶውስ 10 በፈረንጆቹ ከ2018 እትሙ ጀምሮ አብሮት ይመጣል፤ የሚጫን ነገር የለም፣ ሁሉም ጽሑፍ ስለሆነ ለኤንቪዲኤ ከየትኛውም ብራውዘር ይቀላል።

ሊንኩ ላይ ሺፍት ኤፍ 10፣ «ኮፒ ሊንክ አድረስ»። ከዚያ ዊንዶውስ አር፣ ሲኤምዲ ብለሽ ኢንተር። መጀመሪያ ሲዲ፣ ክፍት ቦታ፣ ዳውንሎድስ ብለሽ ኢንተር። ቀጥሎ ይህን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ፦ ከርል፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ትልቁ ኤል፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ትልቁ ሲ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ብቻውን፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ ትንሹ ኦ፣ ክፍት ቦታ፣ የምትሰጪው ስም ለምሳሌ ሞጁል ነጥብ ዚፕ፣ ክፍት ቦታ፣ ድርብ ጥቅስ፣ ኮንትሮል ቪ፣ ድርብ ጥቅስ። ኢንተር።

ትልቁ ኤል ሊንኩ ወደ ሌላ አድራሻ ቢመራ ይከተላል። ትልቁ ሲ ከብቸኛው ሰረዝ ጋር «ካቆምክበት ቀጥል» ነው። ድርብ ጥቅሱን አትርሺ፤ አድራሻው ውስጥ የ«እና» ምልክት ካለ ሲኤምዲ እዚያው ላይ ቆርጦ ቀሪውን እንደ ሌላ ትእዛዝ ይወስደዋል። ትንሹን ኦ የመረጥኩት ስሙን አንቺው እንድትሰጪ ነው፤ ትልቁ ኦ የአድራሻውን ስም እንዳለ ይወስዳል፣ የአማርኛ ስም ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱ ፊደል በፐርሰንት ኮድ 9 ምልክት ይሆናል። ኤንቪዲኤ «ፐርሰንት ኢ 1 ፐርሰንት» እያለ ሲዘረዝረው ቡና ይፈላል።

ሲቋረጥ ወይም ተንጠልጥሎ ሲቀር ኮንትሮል ሲ፣ መብራቱ ሲመለስ በላይ ቀስት፣ ኢንተር። ያው ትእዛዝ ይመለሳል፣ ካቆመበት ይቀጥላል። የሂደቱ ቁጥር በየሰከንዱ ስለሚለዋወጥ ኤንቪዲኤ ከለፈለፈብሽ ኢንሰርት 5 ዝም ያሰኘዋል፤ ሲያልቅ መልሰሽ አብሪው። ስህተት 33 ካለሽ ሰርቨሩ ከመሃል መቀጠልን አይፈቅድም ማለት ነው፤ ለእሱ መብራት የማይጠፋበትን ሰዓት ከመምረጥ ሌላ መላ የለም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ፓወርሼል በሚባለው ሌላው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት ውስጥ አትጻፊው፤ እዚያ ከርል የሚለው ስም ለሌላ ትእዛዝ የተሰጠ ቅጽል ነው፣ ሰረዞቹን አይረዳም። በይለፍ ቃል ለሚገባበት ገጽም አይሠራም፤ ከርል ክሮም ውስጥ መግባትሽን አያውቅም፣ የመግቢያውን ገጽ አውርዶ ጨረስኩ ይልሻል። ለእሱ የፋየርፎክስ ወይም የክሮም ሪዚዩም ይሻላል።

ከዚራ 7፦

ደቻቱ ጨረሰው። እኔ የምጨምረው ከወረደ በኋላ ያለውን ነው፤ ሳታይው አትክፈቺው።

ኮንትሮል ጄ ገጽ ላይ «ሾው ኢን ፎልደር» ስትዪ ፎልደሩ ፋይሉ እንደተመረጠ ይከፈታል። አልት ኢንተር ተጫኚ፤ ዓይነቱንና መጠኑን ያነባል። ሞጁል 3 ሜጋባይት መሆን ሲገባው ኪሎባይት ካለሽ አትድከሚ፣ ደምስሺው። ዓይነቱ «አፕሊኬሽን» ከሆነ ደግሞ ስሙ ምንም ይሁን ምን አትንኪው። ዊንዶውስ የፋይል ዓይነቱን መጨረሻ ስለሚደብቅ «ሞጁል ነጥብ ፒዲኤፍ ነጥብ ኢኤክስኢ» የነበረው «ሞጁል ነጥብ ፒዲኤፍ» ብቻ ሆኖ ይነበብልሻል። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ ቪው የሚለው ሥር «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ምልክት ካደረግሽ ይህ ማጭበርበሪያ ይጋለጣል።

ዎርድ ፋይል ከፍተሽ ኤንቪዲኤ ድምፁ ከጠፋ ከኢንተርኔት የመጣ ስለሆነ በፕሮቴክትድ ቪው ተቆልፎ ነው። ምንጩን ካመንሽው አልት ኤፍ፣ አይ፣ ከዚያ ኢ፤ ይፈታል።

ሸዋ በር ጎረቤት፦

አንድ ነገር ሳትጠይቂን እንዳይቀር። የአማርኛ ፒዲኤፍ በትክክል ወርዶም ላይነበብ ይችላል፤ ያኔ ማውረዱ ላይ ችግር ያለ ይመስልሽና ደግመሽ ደጋግመሽ ታወርጃለሽ።

ሲከፈት ባዶ ከሆነ ስካን ነው፤ ፎቶ እንጂ ጽሑፍ የለበትም። የማይገባ የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ካነበበልሽ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የቆየ ፎንት የተጻፈ ነው፤ ለዓይን አማርኛ ነው፣ ለኮምፒዩተሩ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል። ለሁለቱም መፍትሔው አንድ ነው፦ ጉግል ድራይቭ ላይ ጫኚውና «ኦፕን ዊዝ» ብለሽ በጉግል ዶክስ ክፈቺው፤ ስካኑን ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል። ፋይሉ ከ2 ሜጋባይት ባይበልጥ ይመረጣል። በቆየ ፎንት የተጻፈው ግን ኮምፒዩተሩ ጽሑፍ ነው ብሎ ስለሚያምን እንዳለ ሊገለብጠው ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ ገጾቹን ወደ ምስል ለውጦ መጫን ነው። የነጋሪት ጋዜጣ አዋጆች አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን በሁለት ዓምድ ስለሆኑ መስመሮቹ ሊቀላቀሉ ይችላሉ፤ የዎርድ ቅጂ ካለ እሱን አስቀድሚ።

ጽሑፉ ደህና ሆኖ ኤንቪዲኤ አማርኛውን ከዘለለው ድምፁ እንግሊዝኛ ነው። ኮንትሮል ኢንሰርት ቪ ብለሽ ከኢስፒክ ድምፆች አምሃሪክን ምረጪ። ድምፁ ቆርቆሮ ነው፣ ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለስለስ ያለ ከፈለግሽ ማይክሮሶፍት ኤጅ ውስጥ ኮንትሮል ሺፍት ዩ ብለሽ መቅደስ ወይም አምሃ የሚባሉትን ድምፆች መምረጥ ትችያለሽ፤ እነሱ ኢንተርኔት ይፈልጋሉ።

ሳቢያን ማዶ፦

ዚፑ በከርል እየወረደ ነው፤ አንዴ ተቋርጦ ከ71 ሜጋባይት ቀጥሏል። ክሊከብል የሚለው ግን በኢንሰርት ስላሽ ሄጄ ስላሽ ብመታም «ስላሽ» ብሎ ከማንበብ በቀር ምንም የለም።

ጁገል አምስት በር፦

ነም ሎክ በርቶ ይሆናል። አንዴ ተጫኚው፣ «ነም ሎክ ኦፍ» ሲልሽ ድገሚው። ፊደሎቹ አካባቢ ያለው ስላሽም አይሠራም፤ የቁጥር ሰሌዳው ላይ ከ8 በላይ ያለው ነው።